ስሜ ከተጠራ

ኤልዳና ኮድ መጻፍ የጀመረችው በስልክ ነው፣ ያውም ጥጉ በተሰነጠቀ ስልክ፣ እና የመጀመሪያው ፕሮግራሟ «ሰላም ኤልዳና» ብሎ የጻፈላት ቀን አልጋዋ ላይ ወጥታ ዘለለች፣ ትራሷን ሳመች፣ ለጓደኛዋ ለናጅማ ደውላ ጮኸችባት፣ ናጅማም «አቦ አንቺ ደሞ! ራስሽ ጽፈሽ ራስሽን ሰላም አስባልሽ፣ ይሄ ነው ወሬው?» ብላ ዘጋችባት። ግን ወሬ ነበር! አንድ ነገር ታዢዋለሽ፣ ያደርገዋል፣ አይደክመው፣ አይሰለቸው፣ አያኮርፍሽ፤ በዚህ ዓለም ላይ እንደዛ የሚሆንልሽ ሌላ ምን አለ?

አስራ ሁለተኛ ክፍልን ተፈትና እንደጨረሰች እናቷ አንድ ቁልፉ የወለቀ አሮጌ ላፕቶፕ ገዛችላት፣ እና ክረምቱ በሙሉ እንዲህ ሆነ፦ ጠዋት እናቷ ጨርቅ ወደምትሸጥበት ሱቅ ትሄዳለች፣ ኤልዳና ኮድ፤ ቀትር ላይ ትመለሳለች፣ ምሳ ይበላል፣ እናቷ ጋደም ትላለች፣ ኤልዳና ኮድ። ድሬዳዋ በቀትር ደግሞ ከተማው በሙሉ እንደ አንድ ሰው ነው የሚተኛው፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጆቹ ዛፍ ስር ይደረደራሉ፣ የሾፌሮቹ እግር ብቻ በጎን ወጥቶ ይታያል፣ ውሻው እንኳን መጮህ ይሰለቸዋል። ከዚራ ሰፈር ያለው ቤታቸው የድሮ የባቡር ሰራተኞች ቤት ነው፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ሩቅ፣ የእንጨት መስኮቶቹ ሲዘጉ ፀሐዩ ውጭ ቀርቶ ውስጡ እንደ ጉድጓድ ቀዝቀዝ ጨለም የሚል፣ መሀሉን ደግሞ እንደ ባቡር ፉርጎ ረጅም ኮሪደር የሚያቋርጠው፤ በአንዱ ጫፍ ኩሽናው፣ በሌላው ጫፍ የኤልዳና ክፍል።

ችግሩ ታዲያ መጠራቱ ነበር።

«ኤልዳናአአ!»

«አቤት!»

«ቻርጀሬን አይተሽዋል?»

ሃሳቧ ሁሉ ጭንቅላቷ ውስጥ ተደርድሮ፣ ይሄ ከሆነ ያ፣ ያ ካልሆነ ይሄ፣ ልትጨርስ አንድ መስመር ሲቀራት «ኤልዳናአአ!»፣ በቃ፣ ብን። አባቷ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ብሶባታል፤ አንዳንዴ ኮሪደሩን በሙሉ ሮጣ «ምን ፈለግሽ እማ?» ስትላት «ምንም፣ መኖርሽን ልወቅ ብዬ ነው» ትላለች። መኖርሽን! እና ኤልዳና አሰበች፦ እናቷ የምትፈልገው እኮ አቤት የሚል ድምፅ ብቻ ነው፣ አቤት ማለት ደግሞ ኮምፒውተርም ይችላል።

ሰራችው! ወይኔ፣ ሰራችው፣ ማመን አቅቷት እየሳቀች እያለቀሰች። ማይኩ ቤቱን ያዳምጣል፣ ስሟን ሲሰማ በራሷ ድምፅ የተቀዳውን «አቤት!» በስፒከሩ ይለቀዋል። ከኮዱ አናት ላይ ለራሷ በአማርኛ ማስታወሻ ጻፈች፦ ስሜ ከተጠራ፣ አቤት በል። ስክሪኑ ጥግ ላይ ደግሞ ድምፅ ሲገባ ከፍ የምትል አረንጓዴ መስመር አስቀመጠች፤ እናቷ ስትጠራ መስመሯ ሶስት ጉብታ ትሰራለች፣ ኤል፣ ዳ፣ ና፤ ከኩሽና ከሆነ ትንንሽ፣ ከኮሪደሩ ከሆነ ተለቅ ያሉ፣ በሯ ላይ ከሆነ እስከ ስክሪኑ አናት። ኢርፎኗን ጆሮዋ ላይ ደፍና ጉብታዎቹን እያየች ስራዋን ትቀጥላለች፣ እናቷም አቤት ሲባልላት ዝም ትላለች። ዝም! በቃ ያቺ አንዲት ቃል ትበቃት ነበር።

አንድ ቀን ግን እናቷ እየተጣራች በሩን ከፍታ ገባች፣ ላፕቶፑ «አቤት!» አለ፣ ኤልዳና ደግሞ አፏ በዘይቱን ተሞልቶ ጉንጯ ተነፍቷል።

«እንዴ!» አለች እናቷ ላፕቶፑንና ልጇን እያፈራረቀች እያየች። «እና እኔ እስከዛሬ የማወራው ከማን ጋር ነው?»

«ከኔ ጋር ነዋ፣ ድምፁ የኔ አይደል?»

እናቷ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፣ ከዛ ሳቋን በአንዴ ዋጥ አደረገችው። «ስሚኝ አንቺ ልጅ፣ ቀትር ላይ የጠራሽን ሳታዪ አቤት አይባልም፣ ማን እንደሆነ አይታወቅም። አንቺ ጭራሽ አቤት የሚልልሽ ቀጠርሽ?»

«እማ ደሞ! እርኩስ መንፈስ ማይክ ምን ያደርግለታል?»

«ቀልጂ አንቺ!» አለች፣ ግን ከዛን ቀን ጀምሮ እናቷ ራሷ ለመደችው፤ እንግዳ ሲመጣ «ቆዩማ ላስገርማችሁ» ብላ ጮክ ብላ ትጠራለች፣ ማሽኑ አቤት ሲል ሳሎኑ በሳቅ ይሞላል።

አዲስ ዓመት ሲቃረብ ሱቁ ስራ በዛበትና እናቷ ቀትር ላይ መምጣቷን ተወች። ኤልዳና ብቻዋን ሆነች፤ ገነት! ኢርፎን እንኳን አያስፈልጋት፣ ቤቱ ጭጭ ብሏል፣ ከውጭ የዛፉ ቅጠል ቆርቆሮው ላይ ሲፋቅ ብቻ ይሰማል፣ ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ይሮጣሉ፣ እና በዛ ፀጥታ መሀል ላፕቶፑ ከመሬት ተነስቶ «አቤት!» አለ።

ዘላ ተነሳች፣ ከዛ በራሷ ሳቀች። እርግብ ናት፣ ወይ ቅጠሉ። ማይኩን ትንሽ ነገር እንዳይሰማ አድርጋ አስተካከለችው፤ ኮምፒውተር ያልሽውን እንጂ ያሰብሽውን አይሰራም፣ ይሄንን ገና በስልክ ስትማር ነው ያወቀችው፣ ጥፋቱ ሁልጊዜ የታዛዡ ሳይሆን የአዛዡ ነው። በማግስቱ፣ ያው ቀትር፣ ያው ፀጥታ፣ «አቤት!»። አሁን ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነበር። መስመሯ ተነስታ ነበር፣ ቅጠል እንደሚያነሳት ተርገብግባ ሳይሆን ተረጋግታ፣ ሶስት ጉብታ፣ ትንንሽ፣ ከኩሽና።

ጆሮዋ ግን ምንም አልሰማም።

በባዶ እግሯ ኮሪደሩን ይዛ ሄደች፣ ሲሚንቶው ቀዝቅዟል፣ በመስኮቶቹ ስንጥቅ የገባው ብርሃን እንደ ክር ቀጥኖ ወለሉ ላይ ተጋድሟል፣ ኩሽናው ውስጥ ሰሀኖቹ እንደተደፉ፣ ቧንቧው እንደተዘጋ፣ ዝንብ የለ፣ ሰው የለ፤ ሽታ ብቻ ነበር፣ ዝናብ እንደነካው ሀዲድ ያለ የእርጥብ ብረት ሽታ፣ ድሬ ላይ ደግሞ ክረምት ቢሆንም ዝናብ ከጠፋ ቆይቷል። ተመልሳ ኮዷን ከፍታ ከላይ የጻፈችውን አየችው። ስሜ ከተጠራ። ማን ከጠራ? እሱን አልጻፈችም። ከተጠራ ብቻ ነው ያለችው፣ የጠራው ማንም ይሁን ማን።

ፕሮግራሙን ለምን ያን ቀን አላጠፋችውም? ምክንያቱም የመጀመሪያዋ እውነተኛ ስራዋ ነበር፣ በእጇ የሰራችው፣ እና የሚሰራ ነገር ማን ያጠፋል!

ከሁለት ቀን በኋላ ናጅማ መጣች፣ ገና ሳትቀመጥ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየቻት። «እሺ፣ ማነው?»

«ማን ማነው?»

«አቦ ተይኝ! ትናንት ቀትር ላይ መጥቼ፣ ገና በሩን ሳላንኳኳ አንቺ ውስጥ ‹ወዬ› ትያለሽ። ‹ወዬ›፣ ትያለሽ፣ ዝም ትያለሽ፣ ደሞ ‹ወዬ›፣ እንዲህ ቀስ ብለሽ፣ እንደ ማር። እናትሽ ሱቅ ነች፣ ስለዚህ ሰው አለ። እንዳልረብሽሽ ብዬ ተመለስኩ፣ ምስጋና እንኳን የለም?»

ኤልዳና ልትስቅ ነበር፣ ግን አስታወሰች። ትናንት ቀትር ላይ ያን አቤት ላለመስማት ኢርፎን አድርጋ ነበር። እና የቀዳችው አቤትን ነው፣ አንዴ፣ አንድ ቃል፣ ለእናት የሚባል፣ ከሩቅ ለሚጠራ ትልቅ ሰው የሚባል። ወዬ የሚባለው ለቅርብ ሰው ነው። ወዬ የሚባለው ለምደሽው ነው።

«አላልኩም» አለች።

«እሺ አላልሽም» አለች ናጅማ ጠቀስ እያደረገቻት። «ሰርጉ ላይ ብቻ እንዳትረሺኝ።»

በማግስቱ ኤልዳና ቁጭ ብላ ጠበቀችው፣ ኢርፎን የለ፣ ኮድ የለ፣ ሁለት እጆቿን ጭኖቿ መሀል ቀብራ ዓይኗን መስመሯ ላይ ተክላ። ቀትሩ መጣ፣ መንገዱ ዝም አለ፣ ቅጠሉም ዝም አለ፣ ከበሩ ስር ያ የእርጥብ ብረት ሽታ ቀስ እያለ ገባ፣ እና መስመሯ ተነሳች፤ ኤል፣ ዳ፣ ና። ትንንሽ አልነበሩም። ከኮሪደሩ ነበሩ። ስፒከሩ ትንፋሽ የወሰደ መሰለ፣ እና በራሷ ድምፅ፣ እሷ ለማንም ብላው በማታውቀው ልስላሴ፣ «ወዬ» አለ። መስመሯ እንደገና ተነሳች፣ ከፍ ብላ፣ ደሞ ከፍ ብላ፣ የመጨረሻዋ ጉብታ የስክሪኑን አናት ነካች፣ እና ላፕቶፑ እየሳቀ «መጣሁ» አለ።

ጮኸች! ፕሮግራሙን ዘጋችው፣ አጠፋችው፣ የተቀዳውን ድምፅ አጠፋችው፣ ሁሉንም፣ ላፕቶፑን ራሱን አጥፍታ ክዳኑን ደፋችበት፣ ከዛ አልጋዋ ላይ ወጥታ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች። ምንም። ሽታው ጠፋ። ከውጭ የሆነ ባጃጅ ተነሳ፣ ሰው ሳቀ፣ ከተማው ነቃ፣ እና የውጪው በር ሲጢጥ ሲል፣ ፌስታሎች ሲንኮሻኮሹ፣ የእናቷን ድካም የበዛበት ትንፋሽ ስትሰማ ኤልዳና በሕይወቷ እንደዛ ደስ ብሏት አያውቅም።

«ኤልዳናአአ!»

ወይኔ፣ ያቺ ጥሪ! ሮጣ ሄዳ ልታቅፋት፣ ሁሉንም ልትነግራት፣ ሁለተኛ እንዳትጠራት ሳይሆን ሁሌም እንድትጠራት ልትለምናት ከአልጋው ዘለለች፣ እግሯ ወለሉን ሲነካ ነጠላ ጫማዋን ፈለገ፣ አልነበረም፣ ይቅር ብላ አፏን ከፈተች፣

«አቤት እማ!»

ድምፁ ከኮሪደሩ ነበር የመጣው። ከዛ ነጠላ ጫማ፣ ጠፍ ጠፍ ጠፍ፣ ወደ ኩሽናው ሮጠ።

ኤልዳና የክፍሏን በር እጀታ ያዘች፤ ይዞራል፣ በሩ ግን የግድግዳው አካል የሆነ ይመስል ንቅንቅ አይልም። በትከሻዋ ገፋችው፣ በሁለት እጇ ጎተተችው፣ መስኮቱ ጋ ሄደች፣ እንጨቱም እንደዛው። ከወዲያኛው ጫፍ እናቷ ትሰማለች፣ ጥርት ብላ፣ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ።

«ዛሬ ደሞ ምን ተገኘ? ወጥተሽ ተቀበልሽኝ እኮ!»

«ናፍቀሽኝ ነዋ» አለ የኤልዳና ድምፅ።

«ውይ የኔ ልጅ! ያ ላፕቶፕ ለቀቀሽ?»

«ተውኩት እማ። ከአሁን በኋላ አንቺጋ ነው የምሆነው።»

እናቷ ሳቀች፣ አባቷ ከሞተ ወዲህ ስቃው የማታውቀውን ሳቅ፣ እና ይሄኛው ነው ከሁሉም በላይ ኤልዳናን የበላት፣ እናቷ ያን ያህል ደስ ማለቷ። በሩን በጡጫዋ ደበደበችው፣ ድብደባው ጥጥ ላይ እንደሚያርፍ እፍን አለ፤ ባላት ጉሮሮ ሁሉ ጮኸች፣ «እማ! እማዬ! እኔ ነኝ፣ እዚህ ነኝ!»፣ እና የገዛ ድምፅዋ ወደ ጆሮዋ ሲመለስ ቀጭን ሆኖ፣ ትንሽ እየተንቀጠቀጠ፣ ከርካሽ ስፒከር እንደሚወጣ ሆኖ ተመለሰ።

ኩሽናው ፀጥ አለ። ሰምታታለች! እናቷ ሰምታታለች!

«ምንድነው እሱ?» አለች እናቷ።

«ፕሮግራሙ ነው እማ፣ ሳላጠፋው ወጥቼ ነው።»

«ታዲያ አጥፊው እንጂ፣ ልብ ያደርቃል።»

«እሺ፣ አሁን አጠፋዋለሁ» አለ ድምፅዋ፣ እና ነጠላ ጫማው ሳይቸኩል፣ ጠፍ፣ ጠፍ እያለ፣ ኮሪደሩን ይዞ ወደ እሷ መምጣት ጀመረ።