የአርባ አራት ቁጥር ሄልሜት

ጂን የለም አልልም፣ ሙስሊም ነኝ፣ ግን በዓይኔ አየሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ «ይኼ ሰውዬ እንቅልፍ አጥቶ ነው» ብዬ የማልፍ ሰው ነበርኩ፣ ስለዚህ የምነግርህን ሰምተህ ብትስቅብኝ አልቀየምህም።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ አትላንታ ውስጥ፣ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ዕቃ ክፍል እሠራ ነበር፣ ማሊያ አጥባለሁ፣ ሄልሜት እጠግናለሁ። የእህቴ ልጅ ያሲን እዚያው ይጫወታል፣ የትምህርቱ ክፍያ የሚሸፈንለት ስለሚጫወት ነው፣ እመነኝ፣ ሰው ቀና ብሎ የማያይ ልጅ ስለነበር አሠልጣኙ «ለስላሳ ነህ» እያለ ሊያባርረው ምንም አልቀረውም።

አንድ ቀን ከሰዓት ልምምድ ላይ አርባ አራት ቁጥር የሚለብሰው ልጅና ብራንደን የሚባል ግዙፍ ተጫዋች ግንባር ለግንባር ተላተሙ፣ ድምፁ ግንብ የተናደ ነበር የሚመስለው፣ አርባ አራት ቁጥሩ ከጆሮው ደም እየፈሰሰ ወደቀ፣ በሦስተኛው ቀን ሞተ። አለቃዬ ሚስተር ኮል ሄልሜቱን ሰጠኝና «ለሁለት ሰንጥቀህ ጣለው» አለኝ፣ የሟች ሄልሜት ለሌላ አይሰጥም፣ ሕጋቸው ነው።

እኔ ደግሞ የወሎ ልጅ ነኝ፣ እኛ ዘንድ የሟች ልብስ ለሚያስፈልገው ይሰጣል እንጂ አይጣልም፣ ሰደቃ ነው፣ ሄልሜቱን ሳገላብጠው ስንጥቅ እንኳ የለውም፣ የያሲን ደግሞ ጠብቦ ግንባሩን ይልጠው ነበር። አጠብኩት፣ የውስጡን ስፖንጅ ቀየርኩ፣ ቁጥሩን ላጥኩ፣ መደርደሪያው ላይ ላደርቀው ሳስቀምጠው ቋ አለ፣ ዞር ስል ፊቱን ወደ ሜዳው አዙሯል፣ የማድረቂያው ማሽን ነቅንቆት ነው አልኩ። በማግስቱ ስነካው ስፖንጁ አሁን ከሰው ራስ ላይ የወለቀ ይመስል ሞቅ ብሎ ርሷል፣ ይኼም የአትላንታ ወበቅ ነው ብዬ ለያሲን ሰጠሁት፣ ሞኝነቴ!

ያሲን ባደረገው በዚያው ቀን፣ ፊሽካ ሳይነፋ፣ ሜዳውን አቋርጦ ብራንደን ላይ ተወረወረ፣ ብራንደን እኮ ሄልሜቱን አውልቆ ውኃ እየጠጣ ነበር። በግንባሩ መታው፣ ጥርሱ ሲረግፍ አየሁ፣ ወደቀ፣ ደገመው፣ መንጋጋው ሲሰበር እኔ ካለሁበት ተሰማ፣ አራት ሰው ይዞ አላስቆመውም፣ ሮጬ ደርሼ «ያሲን! ኧረ በአላህ!» እያልኩ ሄልሜቱን መንጭቄ አወለቅኩት፣ ያኔ ቆመ።

«አጎቴ፣ እኔ ቆሜ ነበር፣ አይ ስዌር፣ ጭንቅላቴን ይዞ ፑሽ አደረገኝ።»

«ማን?»

አገጩ ሥር የሌለ ማሰሪያ ሲቧጭር ቆዳውን አደማው።

«አጎቴ፣ አውልቅልኝ» አለኝ፣ ሄልሜቱ እጄ ላይ ነው።

ያን ዕለት ሰንጥቄ ጣልኩት። ብራንደን በስንት መከራ ተረፈ፣ ያሲንን ከቡድኑም ከትምህርቱም አባረሩት፣ እኔ ግን ስለ ሄልሜቱ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፣ ፈሪ ነኝ፣ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አሁን ያሲን እዚሁ አትላንታ ጥግ፣ ኢስት ፖይንት፣ የጭነት መኪና ይነዳል፣ ደህና ነው ይሉኛል፣ ነገር ግን አንዳንድ ቀን፣ ልምምድ በሚጀመርበት በዚያ ሰዓት፣ ስልኬ ይጠራል፣ «አጎቴ፣ አውልቅልኝ» ይለኛል፣ እሄዳለሁ፣ ምን አደርጋለሁ፣ ራሱን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ላይ እስባለሁ፣ እና ወላሂ፣ የማይታይ የሆነ ነገር እጄ ላይ ይያዝልኛል፣ አይወልቅም።