ከሞተሩ የጎደለችው ፊውዝ

ማዖር እሁድ ማለዳ እስራኤል ውስጥ ኤን ጋኒም በተባለ ሰፈር፣ ከቤቱ ሦስት መንገድ ሳይርቅ ሞተ። ከመቆሚያ የምትወጣ መኪና ድንገት መንገዱን ዘጋችበት፣ ፍሬን ያዘ፣ ወደቀ፣ ተንሸራቶ ከመኪናዋ ጋር ተላተመ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ሞተር ሳይክሉ ከተገዛ ገና አሥራ ሁለት ቀኑ።

የትራፊክ አደጋ መርማሪው ንጋቱ እንደ ልማዱ ከሰው ፊት በፊት አስፋልቱን አየ። በልጅነቱ ከጎንደር የመጣ፣ ሃምሳ የደፈነ፣ ሳቅ የማያበዛ ሰው ነው። በደረቁ አስፋልት ላይ አሥራ አንድ እርምጃ የሚሆን ጥቁር የጎማ መስመር ተጋድሟል።

«ይሄ ሞተር ኤቢኤስ አለው?» ሲል አብሮት ያለውን ፖሊስ ጠየቀ።

«አለው።»

«ኤቢኤስ ያለው እንዲህ አያሰምርም። ጎማው እንዳይቆለፍ ያዝ ለቀቅ እያደረገ ነው የሚያቆመው። ይሄኛው ተቆልፎ ነው የተጎተተው።»

መቀመጫውን በቁልፍ ከፍቶ አነሳ። ከሥሩ ባለው የፊውዝ ሳጥን ውስጥ አንድ ቦታ ባዶ ነበር፤ በክዳኑ ላይ ለዚያ ቦታ ሦስት የፈረንጅ ፊደሎች ተጽፈውለታል። ሌሎቹ ፊውዞች ሁሉ በቦታቸው አሉ። ፊውዝ ደግሞ እግር አውጥታ አትሄድም። ንጋቱ ስለዚህች ባዶ ቦታ ለቤተሰቡ ትንፍሽ እንዳይባል አዘዘ።

የማዖር አጎቶች ግን ያለ ምርመራ ገዳዩን አግኝተዋል። «ሰባራ ሞተር የሸጠለት ሊሮን ነው» ብለው ከቀብሩም ከልቅሶ ቤቱም አባረሩት። ሊሮን የማዖር የልጅነት ጓደኛና መካኒክ ነው። የንጋቱ አለቃም መዝገቡ በሳምንት ውስጥ በሊሮን ስም እንዲዘጋ ይፈልጋል።

ንጋቱ ልጁን ሥራ ቦታው፣ ሙሳኽ በሚሉት ጋራዥ ሄዶ አገኘው።

«ማዖር እሁድ ጠዋት የጻፈልህን ለምን አጠፋኸው? የእሱ ስልክ ላይ አለ።»

ሊሮን እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር፤ እጁ ግን ንጹሕ ነበር። «የኤቢኤሱ ቢጫ መብራት በራብኝ አለኝ። እኔም ‹በሰደር፣ ችግር የለም፣ ወደ ሙሳኽ አምጣው፣ ያላ፣ ቶሎ በል› አልኩት። አቁመህ በእግርህ ና ማለት ነበረብኝ። እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ጻፈው።»

«የምጽፈው ያየሁትን ነው። ፊውዟ የት እንዳለች ማን ያውቃል?»

«ሁሉም። ኤቢኤስ ያለው ይግዛ የሌለው፣ ቤቱ አንድ ወር ሙሉ ሲታመስ ነው የከረመው። በመጨረሻ አባቱ ‹በዓይኔ ሳላይ አይገዛም› አሉ። ምን ላሳያቸው? መቀመጫውን አንስቼ ‹ይቺ ከወጣች ኤቢኤስ የለም› አልኳቸው። እናቱም፣ ሺራም ነበሩ።»

ሺራ እጮኛው ናት፤ ነርስነት ትማራለች። ሞተሩን እንደምትጠላ አልደበቀችም። «‹ወይ እኔን ወይ እሱን ምረጥ› ብዬው ነበር» አለችና ስልኳን ዘረጋችለት። ማዖር ዓርብ ከሰዓት ከሙሳኹ ተመልሶ ደጃፉ ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ እየዘፈነ የቀረጸው ቪዲዮ ነው። በሞተሩ ሰሌዳ ላይ ቢጫ መብራት የለም። እሷ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እስከ እሁድ ቀትር ሆስፒታል ተረኛ ነበረች፤ ንጋቱ አጣርቶ እውነት ሆኖ አገኘው።

«ቁልፉ የት ነበር የሚቀመጠው?» ብሎ አባቱን አቶ አለኸኝን ጠየቃቸው።

«በሩ ሥር፣ ሚስማር ላይ። ቅዳሜ፣ በሻባት ማንም አልነካውም።»

«እሁድ ጠዋትስ?»

«እኔ የነቃሁት ማዖር ሲወጣ ነው። ባለቤቴ ይሻሽ ናት ጎህ ሳይቀድ ፋብሪካ ልታጸዳ የምትሄድ። ሃያ ሁለት ዓመት አንድም ቀን አውቶቡስ አምልጧት አያውቅም። ያን ቀን ግን አመለጣት። ልቧ ነግሯት ይሆናል።»

ንጋቱ ወደ እናቲቱ ዞር ብሎ አየ። እትዬ ይሻሽ መሬት ላይ ተቀምጠው እንባቸውን በነጠላቸው በአንዱ ጫፍ ያብሳሉ። ሌላው ጫፍ ተቋጥሮ በጭብጣቸው ውስጥ ነበር። ምንም ሳይጠይቃቸው ወጥቶ ወደ ፋብሪካው ሄደ። የጽዳት ኃላፊዋ ደንቡን ነገረችው፦ ማሽን የምታጸዳ ሴት አስቀድማ ፊውዙን ታወጣለች፤ ማንም እንዳያስነሳው እስክትጨርስ እሷው ዘንድ ይቆያል።

እንዲህ ያለውን እውነት ማግኘት ምን ያደርጋል? መዝገቡን ዝም ቢለው አንድ ንጹሕ ልጅ ይታሰራል፤ ቢናገር ደግሞ አንዲት እናት በቁሟ ትቀበራለች። ንጋቱ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም።

በስድስተኛው ቀን ሁሉንም ልቅሶ ቤቱ ሰበሰባቸው። መርዶ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፤ ይሄን አገሩ ሳለ ነው ያወቀው። ጎረቤታቸውን አምሳለችን እትዬ ይሻሽ አጠገብ አስቀመጣት። ሊሮንን እጁን ይዞ ሲያስገባው አጎቶቹ አጉረመረሙ።

«ከሞተሩ አንዲት ፊውዝ ጎድላለች» አለ። «ዓርብ ከሰዓት ነበረች፤ ሺራ የያዘችው ቪዲዮ ይመሰክራል። እሁድ ጠዋት አልነበረችም፤ ማዖር ራሱ ለሊሮን ጽፎለታል። የወጣችው እዚህ ደጃፍ ነው፣ በሚስማሩ ላይ ባለው ቁልፍ። ሊሮን ከዓርብ ወዲህ ሞተሩ አጠገብ አልደረሰም። ሺራ ሆስፒታል ነበረች። አቶ አለኸኝ ተኝተው ነበር። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን አውቶቡስ ያመለጠው ሰው ግን አለ። እትዬ ይሻሽ፣ ቋጠሮውን ይፍቱልኝ።»

እትዬ ይሻሽ አልተከራከሩም። ፈቱት፤ ፊውዟ መዳፋቸው ላይ ወደቀች።

«‹ያለ ኤቢኤስ ከነዳሁ እናቴ ትሙት› ብሎ ማለልኝ» አሉ። «ማንበብ አልችልም። እነዚያን ሦስት ፊደሎች ግን ወር ሙሉ ሲጨቃጨቁባቸው ለመድኋቸው። እሷን ብወስድ አይወጣም ብዬ ነው። ልቡ እስኪመለስ።»

«ለምን አልተናገርሽም?» አሉ አቶ አለኸኝ።

«መሐላውን አፍርሶ ወጣ። ልጄ በሐሰት ምሎ ሞተ ይባልብኝ?» ከዚያ ፊውዟን አገላብጠው አዩና ወደ ንጋቱ ቀና አሉ። «ይቺ ምን ነበር ሥራዋ?»

ንጋቱ ስለ ጥቁሩ መስመር እስካሁን ያልተናገረው ለዚህ ነበር። «ጎማው እንዳይቆለፍ የምታደርገው እሷ ነበረች፣ እትዬ። እሷ ብትኖር ላይወድቅ ይችል ነበር።»

ሊሮን እግራቸው ሥር ተደፋ። «አላፈረሰም፣ እማዬ! ሊያሠራት ወደ እኔ እየመጣ ነበር! ለአሥር ደቂቃ ብቻ!»

ሊያጽናናቸው ብሎ ነበር፤ ልጃቸውን ከቤት ያስወጣው የፊውዟ መጉደል መሆኑን ግን ነገራቸው። አምሳለች እትዬ ይሻሽን ከጎን ደግፋ ያዘቻቸው። ጭብጣቸውን ጨብጠው ንጋቱን ብቻ ያዩ ነበር።

«በእኔ ሞት ነው የማለው» አሉት። «አንተ ሁሉን ታውቃለህ። ታዲያ እሱ ሞቶ እኔ ለምን ቀረሁ?»

ንጋቱ ኮፍያውን አውልቆ ከእነሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጠ።