ወረፋ የጠበቀው ናዳ

ሬሳው ከጠጠሩ ሥር ሲወጣ የጠጠር ማውጫ ካባው ባለቤት «ናዳ ነው» አለ። ሆዱ ከራሱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው፤ ቃሉም እንደዚያው ከሐሳቡ ይቀድማል።

ሟቹ የካባው መሐንዲስ ነበር። ጠጠሩ ከየት እንደሚቆፈር፣ የክረምቱ ውሃ በየትኛው ቦይ ወደ ደለል ኩሬው እንደሚወርድ፣ ቁፋሮው ሲያልቅ መሬቱ አፈሩን እንዴት መልሶ እንደሚለብስ የሚያቅደው እሱ ነው። ለአፈር እንደ ቅቤ የሚሳሳ ሰው ነበር።

ፖሊሶቹ ግን አንድ ሽማግሌ በካቴና ይዘዋል። ከካባው በታች የሚያርስ ነው። ባለፈው ክረምት ውሃው የሚያግደውን የካባውን ክትር ጥሶ ቤቱን ከነሚስቱ ወሰደበት፤ ከዚያ ወዲህ ሴት ልጁና አማቹ ዘንድ ይኖራል። አማቹ ደግሞ የዚሁ ካባ መቆፈሪያ ማሽን፣ የኤክስካቫተሩ ኦፕሬተር ነው። ሽማግሌው ትናንት ሠራተኛ ሁሉ እየሰማ መሐንዲሱን «ሚስቴን የበላት ያንተ ቦይ ነው፤ አፈር ያስበላህ!» ብሎታል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ገደሉን ከላይ ናደበት ተባለ።

መርማሪዋ መጣች። ቀጭን ሴት ናት፤ ሳታጣራ የምታሳልፈው ስለሌለ መሥሪያ ቤቷ «ወንፊት» ይላታል። ሬሳውን አየት አድርጋ፣ የወጣበት ክምር አጠገብ ቁጢጥ አለች። በተቆረጠው ጎን በኩል ከሥር ጠጠር፣ ከዚያ ቀይ አፈር፣ ከላይ ጥቁር አፈር ይታያል። ጥቁሩ ጠፍጠፍ ተደርጓል። ተነሥታ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«አባቴ፣ ትናንት አመሻሽ ላይ የት ነበሩ?»

«ሚስቴ መቃብር። ማን አየህ እንዳትይኝ፤ ያየችኝ እሷ ናት።»

«ገደሉን ናዱበት ይላሉ።»

«በዚህ ክንድ? ልጄ፣ ጎመን መንቀል እንኳ አቅቶኛል!»

ሴት ልጁ መርማሪዋ እግር ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ያዘቻት። «እትዬ፣ የእናቴ መቃብር ገና አልደረቀም። አባዬ እስር ቤት ከገባ አይከርምልኝም።»

መርማሪዋ ወዲያ ማዶ ለየብቻ ወደተከመሩት ጠጠር፣ ቀይና ጥቁር አፈር እየጠቆመች ወደ ካባው ባለቤት ዞረች። «ጥቁሩ አፈር ለምን ለብቻው ተከመረ?»

«የመሐንዲሱ አባዜ ነዋ! መሬቱ ሲመለስ ጥቁሩ ከላይ ካልሆነ ሣር አይበቅልም እያለ ሲያደርቀን ነው የኖረው። ለእኔ አፈር አፈር ነው።»

«ማሽን ይነዳሉ?»

«እመቤቴ፣ እንጀራ የበላሁት በእሱ ነው! ቁልፉ እላዩ ላይ ያድራል፤ ማንም ያስነሳዋል።»

ኦፕሬተሩ ዓይኑ ቀልቷል። «ሥራውን ያስተማረኝ መሐንዲሱ ነው፤ ወንድሜ በይው» አለ።

«አማትህ ገደሉት ትላለህ?»

መሬት መሬት አየ። «ሐዘን ሰውን ያሳብዳል» አለ ቀስ ብሎ።

ወንፊት ቦዩን ተከትላ እስከ ፈረሰው ክትር ብቻዋን ሄዳ ተመለሰች። ከዚያ ሁሉንም ሰብስባ ሁለት ጉድጓድ አሳየቻቸው። «አንዱን ባለቤቱ፣ አንዱን ኦፕሬተሩ በማሽን ይድፈኑልኝ።»

«ሥራ የፈታሁ መሰለሽ?» አለ ባለቤቱ። ቢያጉረመርምም ያገኘውን ሁሉ ደባልቆ ሞላው። ኦፕሬተሩ ተራው ሲደርስ ጠጠሩን አስቀደመ፣ ቀዩን አስከተለ፣ ጥቁሩን አለበሰ፤ በማሽኑ አካፋ ጀርባም መታ መታ አደረገው። ሲወርድ የሠራውን አየ።

«ገደል ሲናድ ወረፋ አያስጠብቅም» አለች ወንፊት። «ጥቁሩም ቀዩም ጠጠሩም ተደባልቆ ነው የሚወርደው። መሐንዲሱ የተገኘበት ክምር ግን በወጉ ተደርድሯል፤ ስለዚህ ናዳ አይደለም፣ በማሽን የተደፈነ ነው። እኚህ አባት ማሽን አይነዱም። ባለቤቱ ይነዳል፤ እሱ ግን ሲደፍን ምን እንደሚመስል አያችሁ። አንተ መሐንዲሱ እንዳስተማረህ አለበስከው። እጅህ ለምዷል።»

«ምን አድርጎኝ?» አለ ኦፕሬተሩ።

«ክትሩን ውሃ አልጣሰውም። በቀረው ጫፍ ላይ የአካፋው ጥርስ አሁንም ይታያል። መሐንዲሱም አዲስ ቦይ ሊቀይስ ሲዞር ያንኑ ሳያይ አልቀረም። የቆረጠው አንተ ነህ።»

ሚስቱ ፊቱን ታየዋለች። እሱ የሚያየው እጁን ነው።

«በማሽኑ ዞሮ መሄድ ሰለቸኝ» አለ በመጨረሻ። «ለመተላለፊያ ቆረጥኩት። ነገ እደፍነዋለሁ ስል ዝናቡ ቀደመኝ። ጋሼ መሐንዲስ ‹ለሚስትህ አንተው ንገራት፤ አለበለዚያ እኔ እነግራታለሁ› አለኝ። ለመንኩት። እንቢ ሲል ገፋሁት፤ ጭንቅላቱ ድንጋይ ላይ አረፈ።»

«እናቴን...» አለች ሚስቱ። «አባዬንስ? ሲያስሩት ቆመህ አየህ! ትናንት ራቱን ያቀረብክለት አንተ አይደለህም?»

እጆቹን አንድ ላይ አድርጎ ለፖሊሶቹ ዘረጋ።

ካቴናው ከሽማግሌው እጅ ወጥቶ ወደ አማቹ ሄደ። ሽማግሌው ሲጠጋው ሊመታው ነው ብለው ፖሊሶቹ መሐል ገቡ። እሱ ግን እጁን አላነሳም።

«ልጃችንን ልታገባ ስትጠይቀን እኔ እንቢ ብዬ ነበር» አለው። «‹እጁ ሥራ ያውቃል፣ ልጄን አያስርባትም› ብላ ያስፈቀደችልህ ሚስቴ ናት።»

ይህን ብሎ ልጁን በትከሻዋ ይዞ ቁልቁል ወረደ።