ቀላሏ ሽጉጥ

ሎሪስ ዙባኒ የሞተባትን ጥይት ማንም አልሰማም፤ ማለት ሁሉም ሰምቷታል፣ ልብ ያላት ግን አልነበረም። በሳሌሪ የሽጉጥ ወርክሾፕ ምድር ቤት ቀኑን ሙሉ ሲተኮስ ይዋላል። አንድ ቢጨመር ማን ይቆጥራል? የበቆሎ ገንፏችን ፖሌንታው ቀርቦ መቀዝቀዝ ሲጀምር ባለሞረዱ ኢቫኖ ጊዲኒ «ይሄ ሰውዬ ዛሬ ባሩድ በልቶ ሊውል ነው እንዴ?» እያለ ሊጠራው ወረደ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ ለመናገርም አፉ አልታዘዝ አለው።

የወርክሾፑ ሽጉጥ ሞካሪ የሆነው ሎሪስ ከመሞከሪያው ጠረጴዛ ፊት በተቀመጠበት ወደ ጎን ተደፍቷል። ጥይቷ በግራ ጎድኑ በኩል ገብታለች። ጠረጴዛው ላይ ለወራት ሲገመግማት የነበረችው አዲሷ የኢላማ ሽጉጥ በቀኝ ጎኗ ተጋድማለች፣ አፈሙዟ ወደ ግድግዳው ዞሯል፣ የላይኛው ብረቷ ተዘግቷል። ካዝናዋ ወጥቶ በግራዋ ቆሟል።

እኛ ሽጉጥ መሥራት እንጀራችን የሆነ የትሮምፒያ ሸለቆ ሰዎች ይህን ዓይነት ሞት እናውቀዋለን። ካዝናውን አውጥቶ፣ ሽጉጧ የጎረሰችውን አንዷን ጥይት ረስቶ፣ ባዶ ነው ብሎ ቃታ የሳበ ሰው በየመንደሩ መቃብር አይጠፋም። ስለዚህ ፖሊሶቻችን ካራቢኔሪዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ፍርዳችንን ሰጥተን ጨርሰን ነበር። ምስኪን ሎሪስ፣ ያ ሁሉ የኢላማ ተኩስ ሜዳሊያ እያለው ረሳ! ብለን ከንፈራችንን መጠጥን። ለፍርድ መቸኮል ከአባቶቻችን የወረስነው ነገር ነው፤ እኔም ከዚህ ነጻ አይደለሁም።

ምርመራውን የያዘችው የካራቢኔሪዎቹ አዛዥ ማሬሻሎ ቪታ ላሶርሳ የባሪ ሰው ናት። ከደቡብ መጥታ እኛ ዘንድ ስትኖር ዓመታት ቢቆጠሩም እስከዛሬ ስሟ «የደቡቧ» ነው፤ ፖሌንታ ስለማትወድም ይቅር አላልናትም። አጭር፣ ወፈር ያለች፣ ሰው ሲያወራ ከአፉ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት ናት። ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። ወለሉ ቀለህ በቀለህ ነው። ከቀለሆቹ መሃል፣ ደሙ ላይ የወደቀች አንዲት ያልተተኮሰች ጥይት በመቆንጠጫ አነሳች። ገልብጣ አየቻት። ከስሯ ደም ነክቷታል፤ ከላይ ግን ንጹሕ ናት። ከዚያ የሟቹን ሸሚዝ አየች፤ ባሩድ ያጠቆረው ቦታ የለም። ጥይቷን ፌስታል ውስጥ ጨምራ ወደ ላይ ወጣች።

በዚያች ሰዓት ከሟቹ ሌላ ወርክሾፑ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ባለቤቱ ሽማግሌው ፋውስቲኖ ሳሌሪ፣ ሽጉጧን የነደፈችው ልጁ ኒቬስ፣ እና ኢቫኖ። ማሬሻሎዋ ከመደርደሪያው የሟቹን ሽጉጥ የመሰለች ሌላ አወረደች፣ ባሩድ የሌላቸው የልምምድ ጥይቶች ሞላችባት፣ አቀባበለችና ቢሮው ውስጥ ተቀምጣ ኢቫኖን አስጠራችው።

«እስቲ ይህቺን ያዝልኝ» አለችው ገና ከበሩ ሳያልፍ።

ኢቫኖ ተቀበላት። ጥያቄ ሳይጠይቅ ካዝናዋን አወጣ፤ መዳፉን ከላይ ደፍቶ የላይኛውን ብረት ሲስበው የጎረሰችው ጥይት ዘላ እጁ ውስጥ ገባች። ጥይቷን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ አስቀመጣት። ከዚያ በኋላ ነው «ምን ላድርጋት?» ያለው።

«ምንም። ጠዋት ከሎሪስ ጋር ስትጯጯሁ ነበር አሉ።»

«በኳስ ነው ማሬሻሎ። ሰውዬው እዚህ ተወልዶ የባላንጣችን የቤርጋሞ ቡድን ደጋፊ ነበር። ይኼ አያጯጩህም?»

«እኔ የባሪ ሰው ነኝ፣ ኢቫኖ። ሰው በኳስ ሲዋሽ አውቃለሁ።»

ኢቫኖ ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። «እሺ። ለኢላማ ክለቡ እንዲሞክራቸው የሰጠናቸው ሽጉጦች አሉ። ሎሪስ ዛሬውኑ ሰብስበህ አምጣ አለኝ። ለምን ስለው አይናገርም። የኒቬስ ሥራ ነው፣ እሷ ሳትል አልነካም አልኩት። ‹ለእሷ እንዳትነግራት!› ብሎ ጮኸብኝ። እኔም ጮህኩ። በቃ ይኸው ነው። የመጨረሻ ቃሌ ስድብ ሆነ» አለና ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

ማሬሻሎዋ ስልኩን አንስታ ክለቡ ጋ ደወለች፤ ሽጉጦቹ በአስቸኳይ ተቆልፎባቸው ማንም እንዳይነካቸው አዘዘች። ከዚያ ኒቬስን አስገባች።

ኒቬስ አላለቀሰችም። ዓይኗ ደርቆ ቀልቷል። ሽጉጧ ስትሰጣት ካዝናዋን አወጣች፣ ብረቱን ወደ ኋላ ስባ እዚያው በማቆሚያው ቆለፈችው፣ ውስጡን አጎንብሳ አየች፣ አፏን እንደከፈተች አስቀመጠቻት። የወለደቻት ልጅ ይመስል በጣቷ ዳበስ አደረገቻት።

«ከድሮዋ ጋር ስትነጻጸር ክብደቷ ግማሽ ነው» አለች ሳትጠየቅ። «ሦስት ዓመት ፈጀችብኝ። ሎሪስ መጀመሪያ ሲሞክራት ‹ክንድ አታደክምም፣ ውድድሩ ሙሉ ብተኩስባት እጄ አይዝልም፤ ግን ቀላል ስለሆነች ትቅበጠበጣለች፣ ቃታዋ ትንሽ እንኳ ከከበደ ከኢላማው ታስወጣኛለች› አለኝ። እውነቱን ነበር። ስለዚህ ቃታ እስኪሳብ ድረስ መዶሻዋን የሚይዘውን ጥርስ ደህና አድርጌ አሳሳሁት። አሁን ቃታዋ ቅቤ ነው።»

«ዛሬ ጠዋት እንዴት ነበር?»

«ዝም ብሎ ነበር። ምን ሆነሃል ስለው ‹ማታ አወራሻለሁ› አለኝ።» ትንሽ ቆየችና «በመስከረም ልንጋባ ነበር» አለች። «ማሬሻሎ፣ ሎሪስ እኮ የጎረሰች ጥይት አይረሳም። ሌላው ይረሳል። እሱ አይረሳም። አንድ ሰው ከሆነ የገደለው ንገሪኝ፤ ሰው ይሁን ብቻ፣ የምጠላው ሰው ስጪኝ።»

ማሬሻሎዋ ካዝናዋን መልሳ ሽጉጧን አቀባበለቻት። «አባትሽን ጥሪልኝ» ብቻ አለቻት።

ፋውስቲኖ ሳሌሪ ሲገባ ግራ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«እጅዎን ምን ነካዎት?»

«ሞረድ ነው። እድሜ ሲገፋ ሞረድም ይንቃል።»

ሽጉጧን አቀበለችው። ሽማግሌው ካዝናዋን አውጥቶ በግራ በኩል አቆመ። በተጠቀለለው እጁ ብረቱን ደጋግሞ ሳበው፤ ሲስበው ፊቱ ተኮማተረ። የጎረሰችው ጥይት ወለሉ ላይ ወደቀች፤ ዞር ብሎም አላያት። ብረቱን ዘጋ፣ ሽጉጧን በቀኝ ጎኗ አጋደመ፣ አፈሙዟን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጥይቷን ያነሳችለት ማሬሻሎዋ ናት።

«ይቅርታ ልጄ፣ ወገቤ አይታጠፍም።»

«ሎሪስን ይወዱት ነበር?»

«ልጄን ሊያገባ ነበር እኮ።»

«ይሄ መልስ አይደለም።»

«እዚህ ሸለቆ ውስጥ መልስ ነው» አለ ፋውስቲኖ፤ ወጥቶም ሄደ።

ከሁለት ቀን በኋላ የብሬሻ ከተማ የጦር መሣሪያ ባለሙያዎች ሽጉጧን መርምረው ውጤቱን በስልክ ሲነግሯት ማሬሻሎዋ መኪናዋ ውስጥ ነበረች። ስልኩን ዘጋች። የያዘችውን ነገር መቅበር ቢቻል ኖሮ ትቀብረው ነበር። አይቻልም። ሞተሩን አስነስታ ወደ ወርክሾፑ ነዳች።

ሦስቱንም በሥራ ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው። እሷ ቆመች።

«ሎሪስ ራሱን አልመታም» ብላ ጀመረች። «በራሱ እጅ ቢሆን ሸሚዙ ላይ ባሩድ ይገኝ ነበር። ደግሞ ወለሉ ላይ ያልተተኮሰች ጥይት አገኘሁ። ከስሯ ደም፣ ከላይ ንጹሕ። ስለዚህ የወደቀችው ደሙ ከፈሰሰ በኋላ ነው። ሽጉጧ ከተኮሰች በኋላ ካዝናዋ ገና ስላልወጣ ከእሱ ሌላ ጥይት ጎረሰች። አንድ ሰው ያቺን ጥይት አስወጣት። የሞተ ሰው ሽጉጥ አያራግፍም።»

ኢቫኖ ራሱን ነቀነቀ። «ለምን ያራግፋል ገዳይ? ይሸሻል እንጂ።»

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነው ያልኩት። በኋላ ግን እጃችሁን አየሁ። እኛ አገር ሰው ሽጉጥ ሲሰጡት ‹የማን ነው?› ይላል። እናንተ ገና ሳትጠይቁ ታራግፋላችሁ። ሕፃን ሆናችሁ የተማራችሁት ነው፣ እጃችሁ ሲሠራው ልባችሁ አያውቅም። ያ ሰውም ደንግጦ፣ ምን እንዳደረገ እንኳ ሳያውቅ እጁ አራገፈ። ቤት ቢቃጠል ያራግፍ ነበር።»

ከሦስቱ አንዱም እኔ እንደዚያ አላደርግም አላለም።

«ግን ሁላችሁም አንድ ዓይነት አይደላችሁም። ኢቫኖ ጥይቷን በመዳፉ ይቀልባታል፤ ወለል አትነካም። ኒቬስ ብረቱን ከፍታ ትቆልፈዋለች፤ ያቺኛዋ ግን ተዘግታ ነው የተገኘችው። ጥይቷን ወለል ላይ የሚጥል፣ ብረቱን የሚዘጋ፣ በቀኝ ጎኗ አጋድሞ አፈሙዟን ወደ ግድግዳ የሚያዞር፣ ካዝናውን በግራ የሚያቆም አንድ ሰው ብቻ አየሁ።»

ኒቬስ ቀስ ብላ ወደ አባቷ ዞረች።

ፋውስቲኖ ከመቅጽበት ተነሳ። ለዚህ ቀን ሲዘጋጅ የከረመ ይመስላል። «ገደልኩት» አለ። «አዎ። ልጄን ሊወስድብኝ ነበር። ከወርክሾፑም ከእኔም ሊለያት ነበር። አስቤበት ነው። ሽጉጧ ምንም የላትም፤ እኔ ነኝ። ውሰጂኝ።»

«አንተ!» አለች ኒቬስ። ድምጿ የእሷ አይመስልም ነበር። «አንተ ሽማግሌ! ማታ አቅፈኸኝ ያለቀስከው…» ወንበሩን ገፍታ ከእሱ ራቀች።

«አዎ እኔ ነኝ» አለ ፋውስቲኖ፤ ፊቱ ላይ የሆነ እፎይታ ነበረ። ይህ እፎይታ ማሬሻሎዋን አሳመማት። ነፍሰ ገዳይ ተብሎ እስር ቤት ሊሞት የወሰነ ሰው እፎይ ሲል ማየት ከባድ ነው። ዝም ብትለው ዳኛውም ያምነዋል፤ እሷ ግን የምታውቀውን አውቃለች።

«ሲኞር ፋውስቲኖ፣ ጨርቁን ይፍቱት።»

«ሞረድ ነው ብያለሁ።»

«ይፍቱት።»

ኢቫኖ ፈታለት። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ከውስጥ በኩል እኩል ተቦድሰዋል።

ኢቫኖ ቁስሉን አይቶ ቀና አለ፤ ገባው፤ ወዲያው ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ። ማሬሻሎዋ ግን ተናገረች፤ እየቀፈፋት ተናገረች። «ሰው አነጣጥሮ ሲተኩስ ብረቱን የሚስቡት ሁለቱ ጣቶቹ እዚያ የሉም። እነዚህ ጣቶች የተበሉት ብረቱን ስበው በለቀቁባት ቅጽበት ሽጉጧ ስለተኮሰች ነው። ብረቱ ተመልሶ መታቸው። ቃታዋን የነካ ሰው የለም። የብሬሻ ሰዎች ደጋግመው አቀባበሏት። ብዙ ጊዜ ደህና ናት። አንዳንዴ ግን ብረቱ ሲዘጋ መዶሻዋ አይያዝም፤ በራሷ ትተኩሳለች። ሎሪስም ይህን ደርሶበት ነበር። ለዚህ ነው የክለቡን ሽጉጦች ሰብስብ ያለው። ለኒቬስ በድንገት ላለመንገር መጀመሪያ እርስዎን ጠራዎት። ትክክል ነኝ?»

ፋውስቲኖ የቆሰለውን እጁን ወደ ጀርባው ሸሸገ።

«አላመኑትም። ‹የልጄ ሥራ እንዲህ አያደርግም› ብለው ሽጉጧን ቀሙት፤ እንዴት ደህና እንደሆነች ሊያሳዩት አቀባበሉ። ሃምሳ ዓመት የከባድ ሽጉጥ ብረት የሳበ ክንድ ነው። ይህቺ ግን ቀላል ናት፤ በዚያ ጉልበት ሲስቧት ተሽከርክራ ጎን ዞረች። ሎሪስ ጎንዎ ተቀምጦ ነበር።»

«ዝም በይ» አለ ሽማግሌው። «ስለ እናትሽ፣ ዝም በይ። ገደልኩት አልኩ እኮ! ምን ጎደለሽ? ማነው የራሱን ጥፋት አምኖ እንቢ የሚባለው?»

«መግደልና ይሄ አንድ አይደለም፣ ሲኞር ፋውስቲኖ።»

«ለእኔ አንድ ነው። ለእሷ ግን…» ሳይጨርሰው ተቀመጠ።

ኒቬስ እጆቿን ትመለከት ነበር። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣውም፤ «ጥርሱን ያሳሳሁት እኔ…» ያለች ይመስላል። ኢቫኖ ሊይዛት እጁን ዘረጋ፤ የት እንደሚይዛት አላወቀም፣ መልሶ ሰበሰበው። ማሬሻሎዋ ሥራዋን በትክክል ሠርታለች። አንድ ንጹሕ ሰው ከነፍስ ግድያ ክስ አድናለች፤ እንዲህ ያለ ቀን ላይ ግን የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፋ ወደ ባሪ መሄድ ነበር ያማራት።

ኒቬስ ወደ አባቷ ሄደች። ቅድም አንቋሻ የራቀችው ሰውዬ ጉልበት ስር ቁጭ አለችና ደህናውን እጁን በሁለት እጇ ያዘች።

«አባዬ» አለችው። «ቅድም ያልከውን ድገምልኝ።»

«ልጄ…»

«ሆን ብዬ ነው በለኝ። ጠልቼው ነው በለኝ። አባዬ፣ በናትህ፣ ገደልኩት በለኝ።»

ሽማግሌው ወደ ማሬሻሎዋ ቀና አለ፤ ማሬሻሎዋ ፊቷን አዞረች።

«ሆን ብዬ ነው» አለ ፋውስቲኖ። «ጠልቼው ነው።»

«እንደገና።»

«ጠልቼው ነው፣ ልጄ። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ውጭ ሲጠብቁ የነበሩት ሁለት ካራቢኔሪዎች መኪናውን አስነስተው ሊወስዱት እስኪገቡ ድረስ ደጋገመላት። አንዴም አላመነችውም።