ምናጻካን ማለት

እማማ ሳተኒክ ከዳቦ ቤታቸው ወለል ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው የጎረቤታቸው የድንጋይ ጠራቢው የሴሮብ መዶሻ ወድቋል፤ ደም ነክቶታል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የሕፃን ሸሚዞች ተዘርግተዋል።

ፖሊሶቹ ብዙም አላሰቡም፤ የሴሮብን እጆች በካቴና አሰሩ። ከሰዓት በኋላ መኪናው ይዞት ይሄዳል። ከአርመኑ ሴቫን ሐይቅ ማዶ የመጣችው መርማሪ ሻለቃ አሩስያክ ግን ከመዶሻው ይልቅ ሸሚዞቹን አየች።

«ጋሼ ሴሮብ፣ መዶሻዎን የት ነው የሚያስቀምጡት?»

«አጥሩ ላይ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ። የሚሰርቀኝ ባገኝማ ድንጋዩንም ጠርቦ ቢሄድልኝ ደስ ይለኝ ነበር!»

ወደ እማማ ሳተኒክ ልጅ ዞረች። ምናጻካን ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ከሩሲያ የተመለሰው ባለፈው ወር ነው። ዓይናቸው የፈዘዘው እናት በእንባው አምነው ተቀበሉት።

«ሸሚዞቹ የማን ናቸው?»

«አንዱ የእኔ፣ አንዱ የታላቅ ወንድሜ የጋርኒክ። ነፍሱን ይማርና፣ በትከሻው ተሸክሞ ትምህርት ቤት ያደርሰኝ ነበር።»

ሴሮብ አፉን ሊከፍት ሲል አሩስያክ በዓይኗ ገታችው። ጎንበስ ብላ የምድጃውን ጉድጓድ አመድ ጫረች፤ አንድ ነገር አንስታ በመሐረብ ጠቀለለች። ከዚያ የደብሩን ቄስ አስጠራች።

ሁሉም ተሰበሰቡ።

«አባ፣ ምናጻካን ማለት ምን ማለት ነው?»

«ይኼን የማያውቅ አለ ልጄ? የቀረ፣ የተረፈ። ከፊቱ የተወለዱት ሲያልቁ፣ ይኼ እንኳ ይትረፍልን ተብሎ የሚወጣ ስም ነው። ሳተኒክ ሦስት ቀብራለች፤ አንዱም ዓመት አልሞላው። የእነሱን ሸሚዝ ብቻ ነው ያስቀመጠችው።»

«ታዲያ» አለች አሩስያክ ወደ ሰውየው ተጠግታ፣ «በትከሻው የተሸከመህ ማን ነው?»

ሰውየው ዓይኑን ወደ በሩ ላከ።

«መዶሻው ላይ የጣት አሻራ የለም። ገዳዩ እጀታውን በጨርቅ ጠቅልሎ ጨርቁን ምድጃ ውስጥ ጣለው።» መሐረቡን ፈታች፤ ግማሹ የተቃጠለ፣ ደም የነካው ትንሽ ሸሚዝ። «ሦስተኛው ይኸውና። መንደሩ ሁሉ ሦስት መሆናቸውን ያውቃል፤ ጋሼ ሴሮብም። አንዱ ቢጎድል ማንም እንደማያስተውል ያሰበ፣ ለእኔም ሁለት ብቻ የቆጠረልኝ፣ እዚህ አንድ ሰው ነው።»

ሰውየው ግድግዳው ሥር ተቀመጠ።

«ከእውነተኛው ምናጻካን ጋር አብረን ግንባታ ላይ ነበርን፤ ወድቆ ሞተ። ፓስፖርቱን ወሰድኩ። ቤት አልነበረኝም። ዛሬ ጠዋት ሸሚዞቹን ዘርግታ ስሜ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ።»

«ምን አልካቸው?»

«የአያቴ ስም ነው አልኳት። ጮኸች። ሮጬ ከአጥሩ ላይ መዶሻውን አነሳሁ።»

ካቴናው ከሴሮብ እጅ ወደ እሱ እጅ ተሻገረ። ሽማግሌው አንጓውን እያሻሸ ወደ ጠረጴዛው ሄደ፤ ሁለቱን ሸሚዞች ቀስ ብሎ አጥፎ አስቀመጣቸው።

«እንግዲህ» አለ፣ «ማንም አልተረፈም።»