የታችኛው መደርደሪያ አይጦች

«የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» ይላል የአገሩ ሰው፤ ለባዕድ ተመችቶ የገዛ ቤቱን የሚወጋውን ሲነቅፍ። ዶክተር መንክር ይህን ብሂል የአይጦቹን በሽታ ለማስረዳት ይጠቅሰው ነበር። ብሂሉ አንድ ቀን በእሱው ላይ እንደሚፈተን ግን አላሰበም።

በጓሳ ተራራ ሥር በተፈለፈለው ቤተ ሙከራ ሥራ የሚጀመረው በማዳመጥ ነው። በእያንዳንዷ አይጥ ቆዳ ሥር «ዜመኛ ክር» ተቀብሯል፤ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር እየለካ ወደ ድምፅ የሚለውጥ፣ ከፀጉር የቀጠነ መሣሪያ ነው። ጤነኛዋ አይጥ እንደ ንብ ቀፎ ዝቅ ብላ ታዜማለች፤ ስኳሯ ሲያሻቅብ ዜማዋ ይቀጥናል። መንክር እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በመደርደሪያዎቹ መካከል ሲመላለስ የትኛዋ እንደታመመች ሳያይ ያውቃል።

ከዜማዎቹ አንዱ የአይጥ አልነበረም። በግራ ጆሮው ካለችው ትንሽ ማዳመጫ ያለማቋረጥ የሚሰማው እንዲሁ ክር የተቀበረባት የሴት ልጁ የማኅደረ ዜማ ነው። የልጅቱ ሰውነት፣ ኢንሱሊን የሚሠራላትን የገዛ ቆሽቷን መውጋት መጀመሩን ሐኪሞች ነግረውታል፤ ዜማዋ ግን ገና ዝቅ እንዳለ ነበር። በቤተ ሙከራው የሚፈተነው ክትባት ዜማዋ ሳይቀጥን ከደረሰላት ትድናለች። ከቀጠነ በኋላ ቢደርስ የፈረሰውን አይመልስም።

በዘራቸው ለዚሁ በሽታ በተጋለጡት አይጦችም ቆሽትን የሚወጉት ሌሎች አይደሉም፤ ዘብ ሊቆሙለት የተፈጠሩት የመከላከያ ህዋሳት ናቸው። መንክርና ባልደረቦቹ እነዚህን ህዋሳት ከታመመች አይጥ ደም ይለቅማሉ፤ ጉልበታቸውን በጨረር ሰብረውም ገና ያልታመመችውን ይከትቡባቸዋል። ሰውነቷ የደከመውን ወንበዴ መልክ አይቶ የራሱን ወንበዴዎች የሚያስታግሱ ሌሎች ህዋሳት ያስነሣል። እነዚህን «ሸምጋዮች» ብለው ሰይመዋቸዋል። ረዳት ተመራማሪዋ ዘርጊቱ፣ «ከራሳቸው ተጣልተው ቆሽታቸው ያረረ ፍጥረቶች፤ ሽማግሌ ባይገባ ምን ይውጣቸው ነበር?» እያለች ትቀልድባቸው ነበር።

ክትባቱ ለሰው እንዲሰጥ ፈቃድ ሰጪው ጉባኤ የጠየቀው ማስረጃ አንድ ነበር፤ የተከተቡት ጤነኛ፣ ያልተከተቡት ሕመምተኛ ሆነው መታየት አለባቸው። የተከተቡት በዝቅተኛው ዜማ ጸኑ። ካልተከተቡት መካከል የላይኛው መደርደሪያ ዜማ ቀጠነ። የታችኛው መደርደሪያ ግን ያለ ክትባት ዝቅ ብሎ ማዜሙን ቀጠለ።

መንክር ክሮቹ ተበላሽተው ይሆናል ብሎ አስለወጣቸው። አዲሶቹም ያንኑ አዜሙ። ደማቸውን ሲመረምር ሸምጋዮች አገኘበት፤ ለተከተቡት ብቻ የተሰጠውን መለያ ቀለም የያዙ ሸምጋዮች። ዘርጊቱን ጠርቶ ስለ አይጦቹ አስተዳደግ ጠየቃት።

እሷም ሳትሸሽግ ነገረችው። የእነዚህ አይጦች እናቶች በወሊድ ሞተውባት ነበር። ደንቡ ግልገሎቹ በማሽን ይመገቡ ይላል። እሷ ባደገችበት አገር ግን እናት የሞተችበትን ሕፃን የጡት ልጅ አድርጎ ማሳደግ እንጂ ጡት ያላት ሴት እያለች ለሌላ ነገር መተው ነውር ነው። እጇ ወደ ማሽኑ አልሄደላትም። የተከተቡ አራስ አይጦች እንዲያጠቧቸው አደረገች። ወተት ምግብ ብቻ መስሏት ነበር።

መንክር ወደ ታችኛው መደርደሪያ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። አይጦቹ እንደ ቀፎ ዝቅ ብለው ያዜማሉ።

«ዶክተር» አለች ዘርጊቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ወተቱ ክትባት ከሆነ እኮ እነዚህም ተከትበዋል። ከተከተቡት ጋር ብንቆጥራቸው ውሸት ይባላል?»

«በእኛ እጅ አልተከተቡም።»

«ድነዋል እኮ! ለጉባኤው ከተናገርን ሙከራው እንደገና ይጀመራል፤ ያኔ ክትባቱ ለማኅደረ ይደርስላታል?»

«አይደርስላትም።»

«ታዲያ?»

«ሳይጠየቅ ከአንዱ አካል ወደ ሌላው የሚያልፍ ነገር ነው፣ ዘርጊቱ። ዛሬ በደኅና አለፈ። ነገ ምን ይዞ እንደሚያልፍ አናውቅም። የሚከተቡት ሰዎች ይህን ሊያውቁ ይገባል።»

ይህን ሲናገር ምንም አልተሰማውም። ኀዘኑ ይመጣል ብሎ ጠበቀ፤ አልመጣም። ጓንቱን አውልቆ እጁን ታጠበና ወደ ጉባኤው ሄዶ ያየውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ተናገረ። ጉባኤው ስለ ታማኝነቱ አመሰገነው። ሙከራው በአዲስ አይጦች ከመነሻው እንዲጀመር፣ የወተቱም ነገር ተጣርቶ እንዲቀርብ አዘዘ።

ቤቱ ሲገባ ባለቤቱ ትርሲት ነገሩን ሰምታ ቆይታዋለች። አልጮኸችም። የልጅቱን ሹራብ እያጠፈች፣ ቀና ብላ ሳታየው፣ «ለማታውቃቸው ሰዎች አልጋ ሆንክላቸው። ለእኛ ቀጋ» አለችው።  የተናገረችው ትክክል ነበር።

ዜማው የቀጠነው በኅዳር ነው። መንክር በመደርደሪያዎቹ መካከል ይመላለስ ነበርና መጀመሪያ ከአይጦቹ የአንዷ መሰለው፤ ቀና ብሎ ፈለጋት። ሁሉም ዝቅ ብለው ያዜማሉ። ከዚያ እጁን ወደ ግራ ጆሮው ወሰደ። ማዳመጫዋን ግን አላወጣትም።

ዘመኑን ሙሉ ሲያስተምር የኖረው፣ ሰውነት የራሱን ከባዕድ ለይቶ ሲያውቅ ጤና ያገኛል ብሎ ነው። የታችኛው መደርደሪያ አይጦች ግን ከራሳቸው ጋር የታረቁት ከባዕድ ጡት በጠቡት ሰላም ነው። ይህን ለተማሪዎቹ ሲነግራቸው ድምፁ ከፍም ዝቅም አይልም ነበር፤ ስለ ቀጋውና ስለ አልጋው ግን ዳግመኛ አላነሣም።

የወተቱ ነገር ተጣርቶ ክትባቱ በኋላ ተፈቀደ። ማኅደረ ኢንሱሊን እየወሰደች አደገች፤ አግብታም ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗን ያጠባቻት የዘርጊቱ ልጅ ናት፤ እሷ ተከትባ ነበር።