ዓርብ ወተት የሚገባበት ቤት

«አካም ቡልቴ፣ ድንቅቱ? እንዴት አደርሽ? ዛሬ አንድ ጣሳ ጨምሪልኝ» አሉ ወይዘሮ ተረፈች፣ የንጋት ማኅበር ቤት ወጥ ሠሪ።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ። ለማን ነው?»

«ለዶክተሩ ነዋ! ትኩስ ወተት ካልጠጡ ብዕር አይጨብጡም። ከሐምሌ ጀምሮ እኮ እዚሁ ናቸው። ማኅበሩ ክፍል ሰጥቷቸው፣ እኔ እያበላኋቸው፣ ይኸው ስለ እኛ ይጽፋሉ።»

ድንቅቱ ወተቱን መቅዳቷን ረስታ ወደ በረንዳው አየች። አንድ ባለ መነጽር ሰው ጋቢ ደርቦ ወረቀት ላይ አቀርቅሯል። ዶክተር ዳኜ ነው፤ በጋዜጣ ማኅበሩን የሚከላከለው የዩኒቨርሲቲ ምሁር።

የንጋት ማኅበር ሱሉልታ ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው። አባላቱ እያጨበጨቡ ይጸልያሉ፣ ረቡዕና ዓርብ አይጾሙም። እንደ ዛሬ ዓርብ ባለ የጾም ቀን ከባለሱቁ ከከድሩ ቤት ሌላ የእነ ድንቅቱን ወተት የሚገዛው ይህ ቤት ብቻ ነው። ግማሹ ከተማ ይባረሩ ይላል፤ ዶክተሩ ደግሞ «አባልም ወዳጅም አይደለሁም፤ ከማንም ምንም የማልቀበል ገለልተኛ ሰው ነኝ» ብሎ ይሟገትላቸዋል። ይህን ዓረፍተ ነገር ድንቅቱ በቃሏ ታውቀዋለች። የክፍል ጓደኛዋ አጸደ ለክርክር ሳምንቱን ሙሉ ስትለማመደው ስለሰማች ነው።

አጸደ! አባቷ ተዛውረው ከአዲስ አበባ የመጣችው አምና ነው። መጀመሪያ የድንቅቱን ዴስክ ተጋራች፤ ቀጥሎ ጓደኛዋ ሆነች፤ ዘንድሮ ደግሞ በክርክር ክበቡ ቦታዋን ወሰደች። አምና በክርክር አንደኛ የወጣችው ድንቅቱ ነበረች። ዘንድሮ መምህር ነገሳ አጸደን ዋና ተናጋሪ አደረጉና ለድንቅቱ የእጅ ሰዓታቸውንና አንድ የናስ ደወል ሰጧት። ሰዓት ጠባቂ! ባለፈው ሳምንት በልምምዱ ላይ ደወሉን ሃያ ሰከንድ አስቀድማ ደውላ አጸደን አፏን አስይዛታለች። ማንም አላወቀባትም።

የዛሬው ክርክር «የንጋት ማኅበር ከሱሉልታ ይውጣ ወይስ ይቆይ?» የሚል ነው። ከሁሉ የተሻለ የተናገረ አዲስ አበባ ሄዶ ትምህርት ቤቱን ወክሎ ይከራከራል።

ባዶውን የወተት ዕቃ ይዛ ስትመለስ አጸደ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ እየሮጠች መጣች።

«ድንቄ፣ መግቢያዬን ስሚኝማ! ፈርቻለሁ አቦ። ከአንቺ በላይ የሚያርመኝ የለም።»

ዶክተሩ የት እንደሚያድር አሁን ልትነግራት ትችል ነበር። አፏ ላይ ደርሶም ነበር። ግን የአጸደን አዲስ ሹራብና በእጇ የያዘችውን የጋዜጣ ቁራጭ አየችና ዋጠችው።

«ጥሩ ነው፤ ምንም አትንኪው» አለች።

ከምሳ በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። ድንቅቱ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ በታች፣ ሰዓቱንና ደወሉን ይዛ ተቀመጠች። ዕቅዷ ተዘጋጅቷል። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ተነስታ «ምሁርሽ በዓርብ ጾም ወተት ይጠጣል!» ትላለች። አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። ከዚያ ወዲያ አጸደን የሚሰማት የለም።

በተቃራኒ ወገን «ይውጣ» ብሎ የቆመው ጃራ ጮኸ፣ ጠረጴዛ መታ፣ ተጨበጨበለት። አጸደ ግን በዝግታ ነበር የተናገረችው።

«አንድ ሰው ሲመሰክር ከነገሩ ጋር ያለውን ጉዳይ ከደበቀ አትመኑት» አለች። «ዶክተር ዳኜ ግን የሚደብቁት የላቸውም። ማን ያበላቸዋል? ማን ያሳድራቸዋል? ማንም!»

የድንቅቱ ልብ በደስታ ዘለለ። አጸደ ራሷ ገመዱን አንገቷ ላይ አጥልቃ ጫፉን አቀበለቻት። መሳብ ብቻ ነው የቀራት።

ጥቂት ቆይቶ ግን ያ ንግግር ድንቅቱን ራሷን ይቆጠቁጣት ጀመር። እኔስ? አለች በሆዷ። እኔ ስነሳ ለእውነት ብዬ ነው ብለው ያጨበጭቡልኛል። በቅናት አንጀቴ እያረረ መሆኑን ማን ይነግራቸዋል? ወተቱስ? ሰውየው በጾም ቀን ምን እንደጠጣ ከክርክሩ ጋር ምን አገናኘው?

«ጥያቄ ያለው?» አሉ መምህር ነገሳ።

ድንቅቱ ደወሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ተነሳች።

«ከጥያቄዬ በፊት ስለራሴ ልናገር። ለንጋት ማኅበር ቤት ወተት የምናቀርበው እኛ ነን። በእነሱ እንጠቀማለን፤ ቢሄዱ የጾም ቀን ገበያችን ይጎዳል። ደግሞ አጸደ የቆመችበት ቦታ የእኔ ነበር። ቀንቼባታለሁ፤ አሁንም እቀናለሁ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው ዝም በል አለው።

«ይህን አውቃችሁ ስሙኝ። ዶክተር ዳኜ ከሐምሌ ጀምሮ የሚያድሩት በማኅበሩ ቤት ነው። የሚያበላቸውም ማኅበሩ ነው። ጽሑፋቸው እውነት ይሁን ውሸት እኔ አላውቅም። ግን ይህን ለምን ለአንባቢ አልነገሩም?»

ስለ ዓርብ ወተት አንድ ቃል አላወጣችም።

ድንቅቱ ተቀምጣ እጇን ደወሉ ላይ አኖረች። መምህር ነገሳ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ አጸደ ዞሩ። «ለመልስ አንድ ደቂቃ አለሽ።»

አጸደ የጋዜጣውን ቁራጭ ደጋግማ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ድንቅቱን አየቻት። ጠዋት በሩ ላይ የሆነውን እያስታወሰች እንደሆነ ድንቅቱ ገባት፤ አፈረች፣ ግን ዓይኗን አልሰበረችም።

«አላውቅም ነበር» አለች አጸደ። ድምፅዋ ቀጥኗል። «ምን እንደምመልስ... እስቲ ላስብ።»

የሰዓቱ ቀጭን ዘንግ ዞሮ ስልሳው ላይ ደረሰ፤ አለፈም። መምህር ነገሳ ድንቅቱን አዩዋት። ጃራም «ኧረ ሰዓት!» አለ።

ድንቅቱ እጇን ከደወሉ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አኖረች፤ አጸደ አስባ እስክትጨርስም ጠበቀቻት።